የካሜራን ብርሃን በእጅ መመጠን

ፎቶግራፍ ማንሣት በዛሬው ዘመን ብዙ ድካም የማይጠይቅ ተግባር ሆኗል። ካሜራውን፣ ወይም ካሜራ የተገጠመለትን የእጅ ስልክ፣ ወደሚፈለገው ነገር አቅንቶ አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃል። ምን ያህል ብርሃን እንደሚገባ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ፣ የምስሉ ጥራት በየትኛው ነገር ላይ እንደሚያርፍ መሣሪያው ራሱ ይወስናል። ውሳኔውም ብዙውን ጊዜ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሳሳትባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ የሚያሳዝነውም ስሕተቱ አንዳንድ ጊዜ ሰው አጥብቆ በሚፈልገው ፎቶግራፍ ላይ መድረሱ ነው።

ለምሳሌ ያህል በበዓል ቀን አያቷን ልትጠይቅ የሄደችን የአንዲት ተማሪ ሁኔታ መመልከት ይቻላል። ሽማግሌው ታጥቦ የነጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በበረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት የነበራቸው ፎቶግራፍ ለመታወቂያ ወረቀት የተነሡት ጉርድ ብቻ ነው። ልጅቱ ካሜራ ተውሳ መጥታ ነበርና፣ «አባባ፣ እስቲ ወደዚህ ይዩ» ብላ አነሣቻቸው። ምስሉ ሲታይ ግን ጋቢው የአመድ መልክ ይዟል፤ ፊታቸውም ዓይንና አፍንጫው በቅጡ ሳይለይ ጠቁሮ ቀርቷል። ሽማግሌው በካሜራው መስታወት ላይ የታየውን ምስል ትክ ብለው ተመልክተው፣ «ጋቢውስ የእኔ ነው፤ ሰውየው ማነው?» አሉ።

ካሜራው አልተበላሸም። ብርሃኑም አላነሰም። የልጅቱም እጅ አልተንቀጠቀጠም። ጥፋቱ የመጣው ካሜራው በፊቱ ያለው ነገር ነጭ መሆኑን ስለማያውቅ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳትና ጥፋቱንም ለማረም፣ በመጀመሪያ በካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚመጠንባቸውን ሦስት መንገዶች ማወቅ ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል የተገኘው ብርሃንና መጻፍ የሚል ትርጉም ካላቸው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው። ካሜራም ቢሆን በመሠረቱ ጨለማ ሣጥን ነው። በስተፊቱ ሌንስ ይገኛል፤ በስተኋላው ደግሞ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚይዝ ገጽ አለ። ይህ ገጽ ቀድሞ ፊልም ነበር፤ ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴንሰር የተባለ ጠፍጣፋ መሣሪያ ተተክቶበታል። ወደ ገጹ የሚደርሰው ብርሃን ሲበዛ ምስሉ ነጥቶ ይጠፋል፤ ሲያንስ ደግሞ ጠቁሮ ይጠፋል።

ብርሃንን መመጠን ከቦኖ ውሃ ከመቅዳት ጋር ሊነጻጸር ይችላል። እንስራው እንዲሞላ የቧንቧውን አፍ በሰፊው ከፍቶ ለጥቂት ጊዜ መጠበቅ፣ ወይም በጠባቡ ከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ ይቻላል። ውሃው ከቀጠነና ጊዜም ከሌለ ደግሞ አነስ ያለ እንስራ ማቅረብ ነው። ትንሹ እንስራ ቶሎ ይሞላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ የሚገኘው ውሃ ጥቂት ነው። በካሜራም ዘንድ እንዲሁ ነው። የቧንቧው አፍ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ የመጠበቂያው ጊዜ የመዝጊያው ፍጥነት ነው፤ የእንስራው መጠን ደግሞ አይ ኤስ ኦ በመባል የሚታወቀው ቁጥር ነው።

በሌንሱ ውስጥ በክብ የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች አሉ። ቅጠሎቹ ሲሰበሰቡ በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይጠባል፤ ሲገለጡ ይሰፋል። ሥራቸው የሰው የዓይን ብሌን በፀሐይ ጠብቦ በጨለማ እንደሚሰፋው ያለ ነው። ቀዳዳው አፐርቸር ይባላል፤ ስፋቱም ኤፍ በተባለ ቁጥር ይገለጻል። በሌንሶች ላይ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22 የሚሉ ቁጥሮች ይገኛሉ። ጀማሪውን ሁልጊዜ ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ባደገ መጠን ቀዳዳው ማነሱ ነው። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ቁጥሩ አካፋይ ነው። አንድ እንጀራ ለ2 ሰው ሲካፈልና ለ16 ሰው ሲካፈል የየትኛው ድርሻ እንደሚያንስ ለማንም ግልጽ ነው። በተመሳሳይ አኳኋን በሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈው የትኩረት ርዝመት በኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት ይገኛል። የትኩረት ርዝመቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ በኤፍ 2 ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በኤፍ 8 ላይ ግን ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ከፍ ያለ ቁጥር ሲታለፍ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደኋላ ሲመለሱ በእጥፍ ይጨምራል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን የእጥፍና የግማሽ እርምጃ ስቶፕ ይሉታል።

ቀዳዳው ሌላም ሥራ አለው። ሰፊ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ሌንሱ የተስተካከለበት ነገርና በአጠገቡ ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ሲጠብ ግን ቅርቡም ሩቁም ይጠራል። ስለዚህ የአንድን ሰው ፊት ከአካባቢው ለይቶ ማሳየት የፈለገ ሰው ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 2.8ን ይመርጣል። ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የሰሜን ተራሮችን በቅርቡ ካለው ጅባራ ጋር አጣምሮ ማሳየት የፈለገ ደግሞ ኤፍ 11ን ወይም ኤፍ 16ን ይመርጣል። በሰርግ ላይ በሦስት ረድፍ የቆመን ቤተሰብ በኤፍ 2 የሚያነሣ ሰው ግን የፊተኛውን ረድፍ አጥርቶ የኋለኛውን ያደበዝዛል፤ ከዘመድም ይቀያየማል።

ሁለተኛው መመጠኛ መዝጊያው ወይም ሸተሩ ነው። ከገጹ ፊት እንደ መጋረጃ ሆኖ ብርሃን ይከለክላል፤ ቁልፉ ሲጫን ለተወሰነ ቅጽበት ተከፍቶ ይዘጋል። በካሜራው ላይ 60፣ 125፣ 250፣ 500፣ 1000 ተብለው የሚታዩት ቁጥሮች የሰከንድ ክፍልፋዮች ናቸው፤ 125 ሲባል 1/125 ሰከንድ ማለት ነው።

የጊዜ ርዝመት በምስል ላይ ምን እንደሚያደርግ በይበልጥ የሚያስረዳው ፎቶግራፍ ገና በተጀመረበት ዘመን የተነሣ አንድ ምስል ነው። ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1838 በፓሪስ ከተማ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና ከፍ ካለ መስኮት ላይ ሆኖ አነሣ። ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት ነበር። በምስሉ ላይ የሚታየው ግን ጭር ያለ ባዶ መንገድ ነው። ዳጌር የሚጠቀምበት በብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ምስሉን ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ካለፉት መንገደኞችና ጋሪዎች አንዳቸውም ምልክት ሊተዉበት አልቻሉም። በአንድ ጥግ ብቻ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ይታያል፤ ሊስትሮውም ከፊቱ ጎንበስ ብሎ በድብዝዙ ይለያል። ሁለቱ ሰዎች በፎቶግራፍ ላይ ከታዩት ሰዎች የመጀመሪያዎቹ እንደሆኑ ይነገራል። ማን እንደነበሩ አልታወቀም፤ ለዚህ ክብር የበቁትም ሌላው ሰው ሁሉ ሲራመድ እነርሱ ባሉበት በመቆየታቸው ነው።

ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ፓሎ አልቶ በተባለ ሥፍራ የሚጋልብን ፈረስ በተከታታይ በተደረደሩ ካሜራዎች አነሣ። መዝጊያዎቹ እጅግ ፈጣን ስለነበሩ ፈረሱ በሚጋልብበት ጊዜ አራቱም ኮቴዎቹ በአንድነት ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ ተረጋገጠ። ዓይን ይህን ለይቶ መፍረድ አልቻለም ነበር።

ፈጣን መዝጊያ ሁልጊዜ ይመረጣል ማለት ግን አይደለም። እስክስታ የሚወርድ ሰው በ1/1000 ሰከንድ ቢነሣ ትከሻው ደርቆ፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው ይመስላል። በ1/30 ሰከንድ ሲነሣ የትከሻው መንቀጥቀጥ በምስሉ ላይ እንደ ጭስ ይቀራል፤ ተመልካቹም ጭፈራ መሆኑን ያውቃል። በጉግስ ጨዋታ ላይም ካሜራውን ከጋላቢው ጋር እኩል እያዞሩ በ1/30 ሰከንድ ማንሣት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ፈረሰኛው ጠርቶ ሲወጣ ከበስተኋላው ያለው ሁሉ በመስመር የተሳበ ይመስላል። ይህ ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ አነሣስ ስለሆነ ከብዙ ሙከራ አንዱ ቢሳካ የሚያስደስት ነው።

መዝጊያው ሲዘገይ የሚንቀሳቀሰው የሚነሣው ነገር ብቻ አይደለም፤ የአንሺውም እጅ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ የቆየ ደንብ አለ። የሰከንዱ አካፋይ ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማነስ የለበትም። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/60፣ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/250 ሰከንድ ማለት ነው። ከዚህ ከዘገየ ክርንን ከጎን ማጣበቅ፣ ከግድግዳ መደገፍ ወይም ባለሦስት እግር ማቆሚያ መጠቀም ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የዛሬ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው፤ የሚሮጥን ልጅ ግን አያስቆሙም።

ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ ነው። ቁጥሩ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600 እያለ በእጥፍ ሲያድግ ለአንድ ምስል የሚያስፈልገው ብርሃን በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በፊልም ዘመን ቁጥሩ በፊልሙ ሣጥን ላይ የታተመ ስለነበር 36ቱ ፎቶግራፎች ተነሥተው እስኪያልቁ ድረስ በዚያው መቆየት ግድ ነበር። ዛሬ በአንዱ ፎቶግራፍና በሌላው መካከል መለወጥ ይቻላል። ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ የትንሹ እንስራ ውሃ ጥቂት እንደሆነ ሁሉ፣ በጥቂት ብርሃን የተሠራ ምስል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጀማሪዎች ይህን አሸዋ ከሚገባው በላይ ይፈራሉ። አሸዋ ያለበት ጥርት ያለ ፊት ግን ንጹሕ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ፊት በብዙ ይሻላል።

ሦስቱም መመጠኛዎች በእጥፍና በግማሽ ስለሚሄዱ፣ አንድ የ100 ብር ኖት በሁለት ባለ 50 እንደሚዘረዘር እርስ በርሳቸው ይመነዘራሉ። አይ ኤስ ኦው ሳይለወጥ፣ ኤፍ 8 በ1/125 ሰከንድ የሚያስገባው ብርሃን፣ ኤፍ 5.6 በ1/250፣ ኤፍ 4 በ1/500፣ ወይም ኤፍ 11 በ1/60 ሰከንድ ከሚያስገባው ጋር እኩል ነው። የብርሃኑ መጠን እኩል ሲሆን የምስሉ መልክ ግን ይለያያል። አንደኛው ከሩቅ ያለውን ያደበዝዛል፤ ሌላው ያጠራል፤ አንደኛው እንቅስቃሴን ያቆማል፤ ሌላው ይለቃል። በራሱ የሚሠራው ካሜራ ከእነዚህ አንዱን ሲመርጥ የሚፈለገው የቱ እንደሆነ አይጠይቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው እንዴት ነው የሚለው ነው። የሽማግሌውም ፊት የጠቆረው በዚህ ምክንያት ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ከነገሩ ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ነው። ብዙ ብርሃን ሲመጣለት ነገሩ ነጭ ሆኖ ይሁን ፀሐዩ በርትቶ ይሁን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድ ግምት አስይዘውታል፤ ይኸውም በፊቱ ያለው ሁሉ በአንድነት ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚል ነው። በፎቶግራፍ ትምህርት ይህ ግራጫ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ሆኖ ይወሰዳል። መለኪያው ከግራጫው የበለጠ ብርሃን ሲያይ ይቀንሳል፤ ያነሰ ሲያይ ይጨምራል። የሚያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ ሊያመጣ ይጥራል ማለት ነው።

ይህን በቤት ውስጥ በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። ጥቁር ጀበናና ነጭ ሲኒዎች በመስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ጀበናው ብቻ መላውን ምስል እስኪሞላ ድረስ ቀርቦ በካሜራው ፈቃድ ይነሣል፤ ቀጥሎም ሲኒው ብቻ እንዲሁ ይነሣል። ምስሎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ጀበናው ከመጠን በላይ ገርጥቶ፣ ሲኒውም ጠይሞ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ዓይነት ግራጫ ይቀራረባሉ። ፊትን ለይተው የሚያውቁት የቅርብ ጊዜ ካሜራዎች ይህን ስሕተት ይቀንሱታል እንጂ ፈጽሞ አያስቀሩትም።

በሽማግሌው ፎቶግራፍ ላይ የምስሉን አብዛኛውን ክፍል የያዘው ጋቢው ነበር። መለኪያው የጋቢውን ንጣት እንደ ብርቱ ብርሃን ቆጥሮ ቀነሰ። ጋቢው ነጭ በመሆኑ ወደ ግራጫ ሲወርድ ብዙ አልተጎዳም፤ ጠይም የነበረው ፊት ግን በዚያው መጠን ወርዶ ጨለማ ውስጥ ገባ። እንግዲህ የመሣሪያው ግምት የሚያመጣው ጉዳት በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። ነጭ ልብስ ለብሶ በዓል የሚያከብር ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ሲነሣ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል።

ጉዳዩ በመለኪያው ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በርካታ የቀለም ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ከኮዳክ ኩባንያ በሚላክላቸው የናሙና ካርድ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች፤ በመጀመሪያዋም ስም ካርዱ ሸርሊ ይባል ነበር። የእርሷ መልክ ሲያምር ሥራው ተስተካከለ ይባላል፤ ጥቁር ፊት እንዴት እንደሚወጣ የሚነግር ናሙና አልነበረም። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድነት የሚታዩበት ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የእጅ ስልክ ካሜራዎችን በተመለከተም ጉግል የተባለው ኩባንያ የጥቁር ሰዎችን መልክ በትክክል ለማሳየት ያዘጋጀውን አሠራር በስልኮቹ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ልጅቱ ግን ኩባንያዎች እስኪያሻሽሉ መጠበቅ አያስፈልጋትም። በካሜራዋ ላይ ኤም የሚል ፊደል ያለበት መዘውር አለ። መዘውሩ ወደዚህ ፊደል ሲዞር ሦስቱም መመጠኛዎች በአንሺው እጅ ይገባሉ፤ መለኪያው ምክር ይሰጣል እንጂ አያዝም። አይ ኤስ ኦውን በ200፣ ቀዳዳውን በኤፍ 4 ላይ አድርጋ ካሜራውን ወደ አያቷ ስታቀና መለኪያው 1/1000 ሰከንድን መከራት እንበል፤ በፊተኛው ምስል ላይ የተከተለችው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ምክሩን ወዲያው አትቀበልም። ወደ ሽማግሌው ትጠጋና በእርሳቸው ላይ ባረፈው ጥላ ውስጥ የእጇን መዳፍ ዘርግታ መዳፏን ብቻ ትለካለች። የሰው መዳፍ እንደ ፊቱ ቀለም ከሰው ሰው እጅግ ስለማይለያይ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ብዙውን ጊዜም ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ይነጣል። መለኪያው በመዳፏ ላይ 1/500 ሰከንድ ቢላት፣ ያንን አንድ ስቶፕ መልሳ በ1/250 ታነሣለች። ይህም ካሜራው በመጀመሪያ ከፈቀደው ብርሃን 4 እጥፍ ነው።

ለምን የፊታቸውን ብርሃን በቀጥታ አትለካም ሊባል ይችላል። ብትለካ መለኪያው ጠይሙን ፊት ወደ ግራጫ ሊያነጣ ሲል 1/125 ይላታል። በዚህ መጠን ከተነሣ ፊቱ ይገረጣል፤ ጋቢውም ክሩና ጥለቱ ሳይለይ ነጭ ወረቀት ይሆናል። በሴንሰር ላይ ከመጠን በላይ ነጥቶ የጠፋ ነገር በኋላ በምንም ጥበብ አይመለስም። በ1/250 ግን ፊቱ እንደ መልኩ ጠይም፣ ጋቢው እንደ ንጣቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በሁለተኛው ምስል ላይ ሽማግሌው በቅንድባቸው ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ ሳይቀር ለዩ።

መዳፍን መለካት በማይቻልበት ጊዜ የሚረዳ ሌላ ዘዴ አለ። ፊልም አምራቾች በሣጥኑ ላይ ያትሙት የነበረ ደንብ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍ ቀዳዳው ኤፍ 16 ላይ ይደረጋል፤ መዝጊያውም ከአይ ኤስ ኦው ቁጥር ጋር ይቀራረባል። አይ ኤስ ኦው 100 ከሆነ 1/125፣ 200 ከሆነ 1/250 ሰከንድ ይሆናል። ሰማዩ በስሱ ሲደመን ኤፍ 11፣ ሲደመን ኤፍ 8፣ በጣም ሲደመን ኤፍ 5.6፣ ሰማይ በሚታይበት ጥላ ውስጥ ኤፍ 4 ይወሰዳል። በበረንዳው ላይ በመዳፍ የተገኘውም መጠን ከዚሁ ጋር ይስማማል። ደንቡ የሚለካው ከሰማይ የሚወርደውን ብርሃን እንጂ ከልብስ ላይ የሚነጥረውን ስላልሆነ ጋቢ አያታልለውም። በእኩለ ቀን ግን ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለምትሆን ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ በዚያ ሰዓት ሰውን ወደ ጥላ ማስገባት ከሁሉም ቁጥር ይበልጣል።

የልምምዱ አካሄድም ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ጀማሪዎች ሦስቱንም በአንድ ቀን እያገላበጡ ይሞክሩና ምስሉ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው ሳያውቁ ይቀራሉ። የሚሻለው አንዱን ብቻ መለወጥ ነው። አንድ ቀን መዝጊያው ሳይነካ ቀዳዳው ብቻ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ይሞከራል፤ የተበላሹትም ምስሎች ሳይጠፉ ተቀምጠው ከደኅናዎቹ ጋር ይተያያሉ። ቀድሞ ፊልም የሚጠቀሙ ተማሪዎች የእያንዳንዱን ፎቶግራፍ ቁጥር በደብተር ይመዘግቡ ነበር። የዛሬ ካሜራ ይህን ሁሉ ከምስሉ ጋር አብሮ ይመዘግባል። ቢሆንም ከመለካት በፊት ቁጥሩን በግምት ጽፎ በኋላ ከመለኪያው ጋር ማስተያየት ዓይንን በፍጥነት ያሠለጥናል።

በበረንዳው ላይ ብርሃኑ እንዳለ አልቆየም። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጅቱ መዳፏን ደግማ ለካች፤ ብርሃኑ በ2 ስቶፕ ቀንሶ ነበርና መዝጊያውን ከ1/250 ወደ 1/60 አወረደችው። ቆይቶ ሌላ 2 ስቶፕ ሲወርድ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንሷ ከ1/60 በታች መዝለቅ ስላልፈለገች መዝጊያውን ትታ ቀዳዳውን ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 2 ከፈተችው። ጥራቱ አሁን ቀጭን ስለሆነ ሌንሱን ያስተካከለችው ለእርሷ ቅርብ በሆነው ዓይናቸው ላይ ነው። ቡናው ተፈልቶ ሲቀዳ መሸ፤ ቀዳዳውም ከዚያ በላይ የሚከፈት አልነበረም። አይ ኤስ ኦውን ከ200 ወደ 1600 አሳደገችው፤ ይህም 3 ስቶፕ ነው። ሽማግሌው ሲኒያቸውን እስኪያነሡ ጠብቃ፣ ጠጥተው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ ቁልፉን ተጫነች። በምስሉ ላይ ጨለማው አሸዋ ለብሷል፤ ፊታቸውና በጋቢው ጫፍ ላይ ያለው ጥለት ግን ይለያል።